አባባ እሺ ያለ ጊዜ

ጥቅምት 6

ለአቶ ግን፣

ሰላምታዬ ከይቅርታዬ ጋር ተጣብቆ ይድረስህ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኝ አንዱንም ሳልመልስ ቀረሁ። አልታመምኩም፣ እጄም አልተሰበረም፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። አንተ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስልሃል፤ ከልጅነትህም እንዲያው ነበርክ። "ተኛ" ሲሉህ "ግን..." ብለህ የምትጀምር ልጅ ስለነበርክ ነው አባባ "አቶ ግን" ብሎ ስም ያወጣልህ።

"ቤቱ እንዲሸጥና አባባ እኔ ጋ መጥቶ እንዲኖር እሱ ራሱ በእጁ ጽፎ ከተስማማ፣ የቤቱን ካርታ ለመላክ አንቺን ምን ያዘሽ?" ብለሃል። መልሱ ይኸውልህ። አንደኛ፣ የጓዳው ጣሪያ ያፈሳል፤ እሱን ሳያስጠግኑ ቤት ለገዢ ማሳየት ዋጋ ማውረድ ነው። ሁለተኛ፣ ካርታ የምታድሰው ሠራተኛ ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት፤ በሷ ቦታ የተቀመጠው ሰው ማኅተሙ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ሦስተኛ፣ አባባን ጉንፋን ቢጤ ይዞታል፤ በዚህ ብርድ ረጅም መንገድ አይሄድም። ደግሞስ አንተ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቱን ታውቀዋለህ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አባባ በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይተኛል። የላክህለትን ሹራብ ለብሶታል፤ ቀለሙንም ወዶታል። ባለቤቴ የአንድ ትምህርት ቤት ወንበሮችን ሊሠራ ተዋውሎ ቀና የሚልበት ጊዜ አጥቷል። እኔም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆሜ ስውል እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለኝም።

ሚስትህን ሳምልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 17

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሰላምታው አንጀቴን አራሰው። ከሰላምታው በታች ያለው ግን ልቤን አላሳረፈውም።

እኛ የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ አለን። አንድ ደንበኛ መኪናው የተጋጨው ፍሬን እምቢ ብሎት መሆኑን ከነገረን እናምነዋለን። ፍሬን እምቢ ብሎኝ፣ ደግሞም ዝናብ ስለነበር፣ ደግሞም ውሻ ገብቶብኝ ካለ ፋይሉ ወደ መርማሪ ይሄዳል። አንዱ ምክንያት እውነት ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ባላስፈለጉ ነበር። አሁን የአንቺን ልመልከተው። ጣሪያው እስኪጠገን ቆዩ የምትል ሴትና ጉልበቱ አራተኛ ፎቅ አይወጣም የምትል ሴት አንድ ሰው አይደሉም። የመጀመሪያዋ "ቆይ" ነው የምትለው፤ ሁለተኛዋ "አይሆንም" ነው የምትለው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?

ሌላም ነገር አለ። ፖስታውን ስከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ የእንጨት ብናኝ ተራገፈ። ባልሽ አናጢ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚሠራው ግን ከቤታችሁ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ነበር። ደብዳቤው ደግሞ የተጻፈው በአባባ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ያንን ቀለም ከጠረጴዛው ላይ እንደማያነሳው አውቃለሁ። ስለዚህ ወይ የአባባ ጠረጴዛ ወደ መጋዘኑ ሄዷል፣ ወይ መጋዘኑ ወደ አባባ ቤት ገብቷል። የቱ ነው?

የሹራቡንም ነገር ልተወው አልቻልኩም። አባባ ቡኒውን ቀለም ወደደው? ያ "ማን ቡኒ ልበስ አለህ?" ብሎ የሙሽራ ልብስ ሳይቀር ያስቀየረ ሰው?

ነገር ፍለጋ እንዳይመስልሽ። ይሄ እሺታ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቂ ነው። ዕድሜ ልኬን ለአባባ ደብዳቤ ስጽፍ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ነው የሚመለስልኝ። "ይህ ምክንያት አይደለም።" "ይህ ከላይኛው ጋር ይጣላል።" "ይህን የፈለግከው ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም።" ስለ ቤቱ የጻፍኩለት ግን አንድ ጭረት ሳይነካው ተመለሰ፤ ከታቹ "እሺ" ብሎ ፈርሞበታል። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ እንደነገርኩሽ፣ ቢሮ ወስጄ ለሰው ሁሉ አሳየሁት። አለቃዬ ሳይቀር ሻይ ጋበዘኝ። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ከመስታወቱ ሥር ነው፤ ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ።

አባባን ያሳመንኩትን ጉዳይ አንቺ ለምን ታስሪዋለሽ? ባልሽስ ምን ይላል? የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ልምጣ ወይ?

ወንድምሽ

ጥቅምት 28

ወንድሜ፣

"አቶ ግን" ብዬ ልጀምር ነበር፤ ቀልድ የሚያወጣ ሆድ ስላጣሁ ተውኩት። ደብዳቤህን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስጨርስ ግን ቁጭ ብዬ ነበር። የገዛ እህትህን እንደተጋጨ መኪና ዙሪያዋን እየዞርክ ታያታለህ።

አዎ፣ አባባ ቤት ገብተናል። አዎ፣ የባለቤቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ብናኙ አልጋዬ ድረስ ይከተለኛል። ከፖስታ ውስጥ ለቅመህ ይሄን ማወቅህ ጎበዝ ያሰኝሃል። "ለምን ገባችሁ?" ብለህ እንደ ሰው ብትጠይቀኝ ደግሞ የበለጠ ጎበዝ ትባል ነበር። አንተ ግን መልሱን ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ ማኅተም መትተህ ነው የላክልኝ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አባባ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ ለደንበኛ ሁለት በርጩማ ነበረው። "ጎረቤቴ አጥሬን ገፋብኝ" ያለ ሰው መጥቶ አንዱ ላይ ይቀመጥና እንባና ንፍጡን እየጠረገ ያወራል። አባባ ጨርሶ ይሰማዋል። ከዚያ "አሁን እዚያኛው ላይ ተቀመጥና የጎረቤትህን ንገረኝ። ቢሰማህ 'አዎ፣ ያልኩት እንደዚያ ነው' እንዲልህ አድርገህ ንገረኝ" ይለዋል። ያን ለመናገር ያቃተው ሰው ማመልከቻ አይጻፍለትም። የአባባ ብዕር ክዳኑ አይወልቅም። ስንቱ ተሳድቦ ሄደ፤ ስንቱ ደግሞ እዚያኛው በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ነገሩ ተገልብጦበት "ለካ እሱም እውነት አለው" ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በኛም ላይ ያው ሕግ ነበር። አዲስ ጫማ የፈለግህ ጊዜ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠህ "ጫማ የማልገዛበት ምክንያት" እያልክ ስትከራከር፣ ለራስህ ከተከራከርከው አሳምረህ ተናገርክና ጫማው ቀረብህ። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ተናድጄብህ እንኳ አሁን ስቄያለሁ።

እንግዲህ ተነስና እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ከሱ በኋላ ትከሰኛለህ።

መርማሪ ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ለአባባ የደረደርክለትን አንብቤዋለሁ። ብቻውን ነው፣ ሐኪም ቤቱ ላንተ ቅርብ ነው፣ ገዢው ጨዋ ሰው ነው፣ ቤቱ አርጅቷል... አንዱም ውሃ የማያነሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን ያህል ምክንያት የሚደረድር ሰው ዋናውን ከኋላው ደብቆ ነው። ይሄም የናንተ የቢሮ ደንብ ነው። ለምን ቸኮልክ? ዓመት ሙሉ ስለ ቤቱ አንድ ቃል ያልተነፈስክ ሰው ምን ተገኘና ነው ከደላላ ጋር የምትውለው?

የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ አሁን አትምጣ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

እህትህ

ኅዳር 9

እትዬ፣

"አትምጣ፤ ምክንያቱን አትጠይቀኝ።" አባባ ያሳደጋት ልጅ ይሄን ጻፈች ብዬ ለማመን ደጋግሜ አነበብኩት።

አልመጣሁም። ሰው ላክሁ። ጎረቤቴ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በናንተ በኩል ሲያልፍ ለአባባ ነጠላ ጫማ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ጫማው ሰበብ ነው፤ አልዋሽሽም። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ባልሽ ግን ነበር፤ እንግዳ መምጣቱን ሳይነግርሽ አልቀረም።

ሾፌሩ ያየውን ልንገርሽ። በሩ ከውጭ በኩል መወርወሪያ ተገጥሞለታል፤ ያውም ከፍ ተደርጎ። ባልሽ ከደጅ እንጨት ሲልግ ቆይቶ፣ እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ ነው የከፈተለት። አባባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሹራቡን ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። "ምን የመሰለ አባት ነው ያለህ" አለኝ። "በሁሉም ነገር ተስማማን።"

በሁሉም? አባባ ከማን ጋር ነው በሁሉም ነገር ተስማምቶ የሚያውቀው? ሰውዬውን አስቀምጬ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። የናፍጣ መኪና ይሻላል ሲለው እሺ ብሎታል። ኋላ ጨዋታ አምጥቶት ቤንዚን ይሻላል ሲለው እሱንም እሺ ብሎታል። "ትሑት ሰው ነው" አለኝ። አባባን ብዙ ነገር ሲሉት ሰምቻለሁ። ትሑት ሲሉት ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ሊወጣ ሲል ለቀልድ ያህል "በሉ እንግዲህ ተነሱ፣ ልጅዎ ጋ እንሂድ" አለው። አባባ እሺ ብሎ ብድግ አለ። ኮት አልፈለገ፣ ዱላውን አላነሳ፤ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ እስከ በሩ ተከተለው። ባልሽ ነው ክንዱን ይዞ መልሶ ያስቀመጠው። አባባ ለዚያም እሺ አለ።

እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ሰው እሺ የሚለው ወይ ሲያምን ነው፣ ወይ ሲፈራ። ሦስተኛ አላውቅም። አባባ ናፍጣንም ቤንዚንንም በአንድ ቀን አያምንም። ስለዚህ የቀረው አንድ ነው። አባቴን ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሚፈራው? በሩንስ ማን እንዳይገባ፣ ማን እንዳይወጣ ነው ከውጭ የምትዘጉት?

ደላላው ፊርማው ያለበት ወረቀት ለመጀመሪያ ይበቃል፣ የቀረውን እዚያው ሄደን እንጨርሳለን ብሎኛል። በወሩ መጨረሻ ገዢውን ይዘን እንመጣለን። ካርታውን ብታዘጋጂው ለሁላችንም ይሻላል።

ወንድምሽ

ኅዳር 15

ወንድሜ፣

ሦስተኛ አለ።

ሰው እሺ የሚለው ሲያምን ነው፣ ሲፈራ ነው፣ ወይም እምቢ የሚልበት ነገር ከውስጡ ሲያልቅ ነው። አባባ የፈራው ሰው የለም። አባባ እያለቀ ነው።

የጀመረው በክረምቱ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በፍሳሽ ቦይ ተጣልተው እንደ ልማዳቸው እንዲዳኛቸው መጡ። አንደኛው ተናገረ፤ አባባ እሺ አለው። ሌላኛው ተናገረ፤ እሱንም እሺ አለው። በርጩማ አላቀያየራቸው፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቃቸው። ሁለቱም "ለኔ ነው የፈረደልኝ" ብለው ወጥተው አባባ ደጃፍ ላይ ተደባደቡ። እኔ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ዕቃ የሚያጓጉዙ ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ አንዱ "አባት፣ ይቺን መሳቢያ ያዙልኝ" ይለዋል። እሺ ብሎ ይዞላቸው ሄደ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ፈልጎ ሲያጣ ቆይቶ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ አገኘው። መሳቢያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አስቀምጥ ያለው ሰው ስለሌለ አላስቀመጠውም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ቀና ሴት ናት፤ ወረቀት ላይ ሰዓት ሳል አለችው፣ ዕቃ አሳይታ ስሙን ጠየቀችው። የማስታወስ ሕመም ነው፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ አይመለስም አለችን። እኔ መድኃኒት ቤት የምውል ሰው ነኝ፤ የዚህን ሕመም መድኃኒት ግን አትጠይቀኝ።

የገባነው ለዚህ ነው። ቀን ቀን አንድ ሰው አብሮት መዋል ስላለበት ባለቤቴ መጋዘኑን ዘግቶ ማሽኑን ሸጠ፤ ድምፁ አባባን ያስበረግገው ስለነበር አሁን ሁሉን በእጁ ነው የሚልገው። ወንበሮቹ የዘገዩበትም ለዚህ ነው። አባባ ያዝ ሲለው የጣውላውን ጫፍ ይይዝለታል። መወርወሪያው አባባ "ና" ያለውን ሁሉ ተከትሎ እንዳይወጣ የተገጠመ ነው፤ ባለቤቴ ከበሩ ላይ የማይጠፋውም ለዚሁ ነው። አንተ "ባልሽ፣ ባልሽ" እያልክ የምትጽፈው ሰው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልምጣ። ያን ረጅም ደብዳቤህን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። በጽሑፍ መልስልኝ ስላልከው እስክሪብቶም ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሺ ብሎ ሲፈርም ትንሽ ደስ አለኝ፤ ልቡ ቆርጦ ይሆናል ብዬ። ግን አላመንኩትም። በማግሥቱ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና የተገላቢጦሹን ነገርኩት። ቤቱን እንዳትሸጥ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል፣ አቶ ግን የሚልህን እንዳትሰማው አልኩት። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት "እሺ" አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጽፍልህ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። እሱን ሳልጀምር ያንተ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሰ። ፊደሎችህ ራሳቸው ይዘፍኑ ነበር። አባባን እንዳሳመንከው፣ አለቃህ ሻይ እንደጋበዘህ፣ ወረቀቱን ከመስታወት ሥር እንዳደረግከው። በዕድሜህ አንድ ቀን አባባን አሸነፍክ፤ እሱን ደግሞ እኔ ልቀማህ? አልቻልኩም። ስለዚህ የጣሪያውን፣ የማኅተሙን፣ የጉልበቱን ሰበብ ደረደርኩልህ። ሰበብ መደርደር አልችልበትም፤ ወዲያው ነቃህብኝ። አትምጣ ያልኩህም እንዳታየው ነበር።

ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ካርታው እዚህ ኮመዲኖ ውስጥ ነው። ገዢውን ይዘህ ብትመጣ አባባ እሺ ይልሃል። ደላላውንም እሺ ይለዋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢጠይቀውም እሺ ይለዋል። አንድ ሰው እምቢ ሊልህ ይገባል፤ እሱ ስለማይችል እኔ እላለሁ። ቤቱ አይሸጥም።

እህትህ

ኅዳር 24

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቢሮ ነው። ሳነብ የነበርኩት ያን ወረቀት እያየሁ ነው፤ መስታወቱ ሥር ነበረ። መስታወቱን አንስቼ አወጣሁት። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ምን ሆነህ ነው አለኝ፤ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ አልኩት። ብናኝ ሰበብ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለደላላው ነገርኩት። ገዢው ሌላ ቤት ይፈልግ አልኩት። ለምን አለኝ፤ አባቴ አልተስማማም አልኩት። እውነቴን ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ማንን አሳመንኩ? ለግድግዳ ብነግረውም አይቃወመኝም። እኔ ደግሞ በየቀኑ የሰውን ማመልከቻ "አልተቀበልነውም" እያልኩ የምመልስ ሰው ነኝ፤ ይሄን የኔን ቢያመጡልኝ ወዲያው እመልሰው ነበር። እንዳላይ ያደረገኝ ደስታዬ ነው።

ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ዘግይቼ ነው፤ ግን ተቀመጥኩ። አባትሽ ከፊትሽ እየራቀ ነው፣ ወንድምሽ ከሩቅ ሆኖ በቀይ እስክሪብቶ ያርምሻል፤ እኔ ብሆን ከጥቅምት ጀምሮ መልስ አልጽፍም ነበር። ከዚያ የባለቤትሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ብዙ መቆየት አልቻልኩም። ማሽኑን የሸጠን ሰው ሌባ አድርጌዋለሁ። ይቅር በለኝ በይልኝ። ስመጣ ራሴ እላለሁ፤ አሁን ግን ከደብዳቤው ጋር ቀድሞ ይድረሰው።

የደበቅከው ዋናው ምክንያት ምንድነው ላልሽው፣ ትክክል ነሽ፤ ነበር። ሳልጽፈው የቀረሁት አባባ በቀይ ይሰርዘዋል ብዬ ነው። ናፍቆኝ ነበር። እዚህ የሚሞግተኝ ሰው የለም። ሚስቴ "አንተ ልክ ነህ" ትለኝና ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች። አባባ እኔ ጋ ቢኖር ከሥራ ስገባ "ዛሬ ማንን ነው የከለከልከው? እስቲ የሱን ወገን ንገረኝ" ይለኛል ብዬ ነበር። ለዚያ ነው የቸኮልኩት። ቤቱና ደላላው ለሱ ሲባል የመጣ ጣጣ ነው።

ከዚህ ጋር ለአባባ የጻፍኩትን ታገኛለሽ። እባክሽ አንብቢለት። እሺ እንደሚል አውቃለሁ። ግን ያ ደብዳቤዬ ሳይታረም እንዳይቀር ፈለግሁ።

ወንድምሽ

*አባባ፣*

*ይሄን የምጽፈው አንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለ ቤቱ የጻፍኩልህን አንተ ብታርመው እንዲህ ትለኝ ነበር።*

*ሐኪም ቤት ቅርብ ነው ብያለሁ። "ቅርብ ለማን? ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርደኝ ማነው?" ትለኝ ነበር። ብቻህን ነህ ብያለሁ። "ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውለህ ስትመጣ እንቅልፍህን የምትለጥጥ አንተ ነህ ብቸኝነቴን የምታስቀርልኝ?" ትለኝ ነበር። ገዢው ጨዋ ነው ብያለሁ። "የሱ ጨዋነት ለኔ ምኔ ነው፤ ልለብሰው ነው?" ትለኝ ነበር። ቤቱ አርጅቷል ብያለሁ። "እኔም አርጅቻለሁ፤ ልትሸጠኝ ነው?" ትለኝ ነበር።*

*ስለዚህ ቤቱ አይሸጥም፤ አንተም ከዚያ አትነቃነቅም። ይሄ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም አባባ፣ አንተ ሁልጊዜ ልክ ነበርክ።*

*ልጅህ*

ታኅሣሥ 5

ለአቶ ግን፣

ስሙን መልሼልሃለሁ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ይቅርታህን አነበብኩለት፤ "ምን አደረገኝና?" ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ። በኋላ ግን ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለብቻው ሲያነበው አይቼዋለሁ።

አሁን የሆነውን እነግርሃለሁ። እንዳለ እነግርሃለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳትመረምረኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ባለቤቴ የወንበር እግር በሸካራ ወረቀት ያሻሻል። አቶ ግን ጽፎልሃል አልኩት። እሺ አለ። ቀስ እያልኩ አነበብኩለት። የሐኪም ቤቱን ሳነብ እሺ አለ። የብቸኝነቱን እሺ አለ። "ልትሸጠኝ ነው?" የሚለው ጋ እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱ ግን እሺ አለ። የመጨረሻውን አነበብኩ። "ምክንያቱም አባባ፣ አንተ ሁልጊዜ ልክ ነበርክ።"

አባባ ከመስኮቱ ፊቱን አዞረ። ወረቀቱን ነው ያየው፣ እኔን አላየኝም። በዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ ሰው በሚያባርርበት ድምፁ፣

"ይሄ ምክንያት አይደለም" አለ።

ባለቤቴ እጁ ቆመ። እኔ ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅሁ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

አንተ ተጠራጣሪ ከሆንክ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ያቺኑ መስመር ደግሜ አነበብኩለት። "እሺ" አለኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ፈልጌ አጠገቡ አስቀመጥኩለት፤ አልነካውም። ባለቤቴ ከድሮ የቀረ ቃል ነው፣ አፉ በልማድ አወጣው ይላል። ይሆናል። ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ እሷም ብዙ ተስፋ አታድርጉ አለችን። እኔ ግን ለሌላው ሁሉ እሺ ብሎ ለዚያች ብቻ ለምን? እያልኩ ዕቃ ሳጥብ፣ መድኃኒት ስቆጥር አሰላስለዋለሁ። በደብዳቤው ውስጥ የማትረባዋ እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷን ለይቶ ነው የያዛት።

ስለዚህ ና። ዕረፍትህን ውሰድና ና። መወርወሪያው ከፍ ያለ ቢሆንም እጅህ ይደርሳል፤ ሳታንኳኳ ከፍተህ ግባ። ጥሩ ጥሩ ምክንያቶችህን እዚያው ተዋቸው፤ እነሱን ሁሉ እሺ ይላቸዋል። መጥፎ መጥፎውን ይዘህ ና።

እህትህ